መዝለል የተወው ጋሪ

ባለፈው ሐሙስ ከገበያ ስመለስ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ሹፌሩ ልጅ እግር ነው፤ አክብሮኝ ከጎኑ አስቀመጠኝ። ከኋላ ሁለት ተማሪ የሚመስሉ ወጣቶች፣ ወንድና ሴት፣ ብርቱካን በፌስታል ይዘው ተቀምጠዋል። ወደ በቾ ቦሬ ሰፈር ስንታጠፍ ሹፌሩ፣ "አዩ አባባ፣ ሲነሳ እንኳ አይታወቅዎትም" አለኝ። እውነቱን ነው። መነሳታችንን ያወቅኩት ሱቆቹ ወደ ኋላ ሲሸሹ አይቼ ነው። እንዳደንቅለት ጠብቆ ነበር፤ እኔ ግን ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊቴን አጨማደድኩ።

በወጣትነቴ ወደ ደዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ የቡና ማጠቢያ ሜካኒክ ነበርኩ። እዚያም በገዛ እጄ ባለ ሦስት ጎማ የሞተር ጋሪ ሠራሁ። ሞተሩ የአሮጌ ውሃ ፓምፕ ነው። ፍሪሲዮኑን የነቀልኩት ከተጣለ ትንሽ ማሽን ላይ ሲሆን፣ ማርሽ የማይፈልግ፣ ነዳጅ ሲሰጡት ፑሌጃ የምንለው መዘውር ራሱ ተጠጋግቶ ቺንግያውን፣ የጎማ ቀበቶውን፣ የሚይዝ ዓይነት ነበር። ችግሩ ውስጡ ያለው ሞላ ከልክ በላይ ጠንካራ ነው። ሞተሩ ጆሮ እስኪበጥስ ይጮኻል፣ ጋሪው ንቅንቅ አይልም፤ ከዚያ ፍሪሲዮኑ በድንገት ይይዝና እንደ ደነበረ በቅሎ ይዘላል።

ማታ ማታ የእሸት ቡና ርክክቡ ሲያልቅ፣ ሚዛን ላይ የምትሠራውን ጫልቱን እስከ ዋናው መንገድ የማደርሳት በዚህ ጋሪ ነበር። የሰኮሩ ከተማ ልጅ ናት፤ ሳቋ ከማጠቢያው ገንዳ ማዶ ይሰማል። ጋሪው ሊዘል ሲል ከኋላዬ ሁለት ትከሻዬን ጨምድዳ ትይዝና፣ "ሱታ! ሱታ በል ግርማ፣ ልትደፋኝ ነው!" ትለኛለች። ቀስ በል ማለቷ ነው። መንገዱ ጭቃ፣ አየሩ የሚብላላ የቡና ልጣጭ ሽታ። የተጠበሰ በቆሎ ከኪሷ አይጠፋም፤ እየፈለፈለች ከኋላ ታጎርሰኝ ነበር። ልነግራት ያሰብኩትን ነገር ዛሬ ነገ እያልኩ አስተላለፍኩት፤ ማን ይቀድመኛል ብዬ!

ከዚያ ዮናስ መጣ። ከአዲስ አበባ የተመደበ የግብርና ባለሙያ ነው፣ ባለ አዲስ ሞተር ብስክሌት። አንድ ማታ ጋሪዬን አስነስቼ ስጠብቃት፣ ጫልቱ ከዮናስ ኋላ ተቀምጣ እጇን እያወዛወዘችልኝ አለፈች። በማግስቱ ጠየቅኳት።

"ያንተ ይዘላላ!" አለችኝ። "የዮናስ እኮ እንደ ቅቤ ነው።"

ቅናት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አወቅኩ። እህል አልበላ አለኝ። የሞተር ብስክሌቱን ድምፅ በጆሮዬ እየተከተልኩ አሁን ኩርባው ጋ ደረሱ፣ አሁን ድልድዩ ጋ፣ እያልኩ እቃጠላለሁ። ምነው ጎማው በተነፈሰ ብዬ ተመኘሁ። ዮናስን ጠላሁት፤ የሚያናድደው ደግሞ ሰውየው ጥሩ ሰው መሆኑ ነው።

እሑድ ጋሪውን ፈታታሁት። ሞተሩ ሳይጮህ ፍሪሲዮኑ ቀደም ብሎ በዝግታ እንዲይዝ፣ ጠንካራውን ሞላ አውጥቼ ለስላሳ ተካሁበት። የፑሌጃዎቹን ፊት በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፤ ተዛንፈው ስለነበር ክር ወጥሬ አስተካከልኳቸው። ከዚያ አንድ ጣሳ ውሃ ጢም አድርጌ ሞልቼ የዕቃ መጫኛው ላይ አስቀመጥኩና ነዳጅ ሰጠሁ። ጠብታ አልፈሰሰም። ብቻዬን ጮቤ ረገጥኩ።

ሰኞ ማታ፣ "ጫልቱ፣ ነይ እስኪ ዛሬ ሞክሪው" አልኳት። መጣች። ዮናስም ተከትሏት መጣ፤ ለካ ምኞቴ ደርሶ የሞተር ብስክሌቱ ጎማ ተንፍሷል! ሁለቱም ከኋላዬ ጆንያ ላይ ተቀመጡ።

ነዳጅ ሰጠሁ። ጋሪው ውሃ ላይ እንደሚሄድ ተነሳ። ትከሻዬን አዘጋጅቼ እጇን ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ምን ብላ ትያዘኝ? "ጎበዝ ግርማ!" አለችኝና ወደ ወሬዋ ተመለሰች። ሞተሩም አይጮህም፤ የሚሉትን አንድ በአንድ እሰማለሁ።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ዮናስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሰኮሩ ሽማግሌ ልላክ?" አላት።

እጄ ሳላዘው ነዳጁን ቀነሰ።

"ኤዬ" አለች በኦሮምኛ፣ ቀስ ብላ። "ላክ።"

ያ ጠንካራ ሞላ ባይወጣ ኖሮ ዮናስ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ቀን ይጠይቃት ነበር፤ ይህንንም አውቃለሁ። ግን ቢያንስ ከጆሮዬ ሥር አይሆንም ነበር።

ባጃጁ ውስጥ ከኋላዬ ያለው ወጣት ወደ ልጅቷ ጠጋ ብሎ ማንሾካሾክ ጀመረ። እኔ እንግዲህ ትዳር ይዤ፣ ልጅ ድሬ፣ ፀጉሬ የሸበተ ሰው ነኝ። በዮናስ ግን ዛሬም እቀናለሁ። ሳላስበው እጄ ትከሻዬ ላይ ሄዶ አገኘሁት።

"ተመቸዎት አባባ?" አለኝ ሹፌሩ።

"በጣም። ሬዲዮ አለህ?"

"አለኝ።"

"እስኪ ክፈተው" አልኩት። "ጮክ አድርገው።"