እትዬ ጌጤነሽ አልተነሱም

የልብስ ሳሙና በሸተተኝ ቁጥር መካኒሳ አቦ ያደግኩበት ግቢ ይመጣብኛል። ባለፈው ሳምንት ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ አንዲት ሴት ምንጣፍ ስታጥብ ያ ሽታ አገኘኝና ቀጥ ብዬ ቆምኩ። የታወሱኝ እትዬ ጌጤነሽ ነበሩ።

ጊዜው ሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። እትዬ ጌጤነሽ ጎረቤታችን ነበሩ። ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ባለጸጋ ቤት ልብስ ያጥባሉ፤ ጉርሳቸውም የቤት ኪራያቸውም ከዚያው ነው። ወይዘሮዋ መስታወቱ ቢሰነጠቅባቸው የጣሉትን የፈረንጅ ስዕል እትዬ ጌጤነሽ አምጥተው ከአልጋቸው በላይ ሰቅለውታል። ስዕሉ ላይ ያለው ሰፊ የአትክልት ቦታ ነው። ቀሚሳቸው እንደ ጭድ ክምር የተነፋ ወይዛዝርት ሣር ላይ ተዘርፍጠዋል፤ አንዷ ዥዋዥዌ ትጫወታለች፤ ነጭ ጸጉር የደፋ ጎረምሳ እግሯ ሥር ተጋድሟል። ዳር ላይ አንዲት ገረድ የፍራፍሬ ትሪ ይዛ ቆማለች።

እኛ ልጆቹ ዥዋዥዌው ላይ ስናፈጥ እሳቸው በሙያቸው ዓይን ያዩት ነበር። «ነጭ ሐር ለብሶ ሣር ላይ! የሣር እድፍ እንዴት እንደሚለቅ የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚቀመጠው» ይሉና ወደ ገረዷ ይጠቁማሉ። «ይቺ ግን ታውቃለች። መቼ ይሆን የምትቀመጠው?»

የእሳቸውስ ቀን የተቆረጠ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሳሙና የበላው እጃቸውን ቫዝሊን ቀብተው፣ ወንበር አውጥተው ከኮኩ ዛፍ ሥር ቁጭ ይላሉ። ጥጥ አይፈትሉም፣ ምስር አይለቅሙም። ሴት እጇን አጣምራ ስትቀመጥ ደግሞ ግቢያችን አይወድም። ከሁሉም የምትብሰው እማዬ ነበረች፤ «ወይዘሮ መሆን አማራት!» ትል ነበር።

አንድ እሑድ ነጭ ፔጆ በራችን ላይ ቆመና ወይዘሮ አስካለ ገቡ። ግቢው በሙሉ «ኖር!» ብለን ብድግ አልን። የመጣው ሰው «በእግዜር» ሲል ነው መልሶ የሚቀመጡት፤ ወይዘሮዋ ግን አላሉም። እንደቆምን ቀረን። እትዬ ጌጤነሽ ብቻ ከነጭራሹ አልተነሱም።

«ጌጤነሽ፣ ማታ እንግዳ አለብኝ። የጠረጴዛ ልብሱ አልታጠበም፤ ተነሺ!»

«ነገ በጠዋት እመጣለሁ፣ እሜቴ። ዛሬ ተቀምጫለሁ።»

«ዛሬ ካልመጣሽ ነገም እንዳትመጪ!»

እትዬ ጌጤነሽ ፈርተው ነበር። ወንበሩን ግን አልለቀቁም።

«እንግዲያስ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ።

ሥራው በዚያው ቀረ። እስከ ላፍቶ በእግራቸው እየሄዱ፣ በር እያንኳኩ የሚታጠብ ልብስ ጠየቁ፤ ፊታቸው ጠወለገ። ሰፈሩ «ጥጋብ ነው» አለ። ጥጋብ! ጦሙን የሚያድር ሰው ምን ጥጋብ አለው? ዛሬም እንዲህ የሚለኝ ቢመጣ አፉን አስይዘዋለሁ። ለማረፍ የማንንም ፈቃድ መጠበቅ እንደማያስፈልግ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እየራባቸውም እሑድ በመጣ ቁጥር ወንበሩን ያወጡ ነበር።

እማዬን ደግሞ የዚያን ቀን መቆሟ ከንክኗታል። «እንደ ግንድ ገትራን ሄደች እኮ!» እያለች ስትብሰለሰል ሰነበተች። በሦስተኛው እሑድ ዱካ ይዛ ወጣችና ባዶ እጇን ከእትዬ ጌጤነሽ ጎን ተቀመጠች። ብዙም ሳይቆይ አባዬ ውሃ እንድታቀርብለት ከውስጥ ተጣራ።

«ጆጉ እዚያው ነው፤ ቀድተህ ጠጣ!» አለችው።

ጥቂት ቆይቶ ከቤት ውስጥ ውሃ ሲንቆረቆር ሰማን።