አራተኛው ሳጥን

አጥናፉ ግራ ጆሮውን ለሽመና ክፍል ሰጥቶ፣ ቀኙን ይዞ ከፋብሪካ የወጣ ሰው ነው። ማሽኖቹ ቀኑን ሙሉ እንደ መትረየስ ሲንጣጡ የሚውሉበት አዳራሽ ውስጥ ጎረመሰ፣ እዚያው ሸበተ። አንድ ጊዜ የጓደኛውን ክንድ ማሽን ሲበላው አይቷል። ሰውየው አፉን በርግዶ ሲጮህ ድምፁ በማሽኑ ጩኸት ተውጦ አልተሰማም። አለቃው ደሙ ከጨርቁ ላይ እንዲታጠብ አዘዘና ሥራው ቀጠለ። ጩኸት በጩኸት እንደሚሸፈን አጥናፉ የተማረው እዚያ ነው።

ጡረታ ሲወጣ የቀረችው አቃቂ በሰቃ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያለችው ግቢው ናት። አራት ክፍል የጭቃ ቤት በአንድ መስመር ተደጋግፎ ቆሟል። በአንዱ ራሱ ይኖራል፤ ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። የመንገዱን ዳር ኡሙልኸይር የምትባል የስልጤ ሴት ሱቅ አድርጋዋለች። ሦስተኛውን ዘይት ፋብሪካ የሚሠሩ ሴት ልጆች በጋራ ይዘውታል። የመጨረሻው የካሳሁንና የሚስቱ የእየሩሳሌም ነው። ካሳሁን የጅቡቲን መስመር የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። በክፍሎቹ መሃል ያለው ግድግዳ ጋዜጣ የተለጠፈበት ጭቃና ጭድ ነው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ጎረቤቱ "ይማርህ" ይላል። ይህችን ያዙልኝ፤ ኋላ "አልሰማንም" የሚል ሰው ይመጣል።

ካሳሁን ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር እየሩሳሌም ትደበደባለች። ምክንያት ጠፍቶ አያውቅም፤ ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ከሱቅ ስትመለሺ ቆየሽ፣ ለማን ነው የሳቅሽው። መጀመሪያ በርጩማ ሲወድቅ ይሰማል። በርጩማው ሲወድቅ ሴት ልጆቹ ቴፓቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ ኡሙልኸይር ሬዲዮዋን፣ አጥናፉም የራሱን። ማንም ያዘዘው የለም፤ የግቢው ደንብ ነው። የሰው ገመና መሸፈን ይሉታል። የሴት ጥርስ ሲሰበር ገመና ነው እንግዲህ። ዓይነቱ የማይገጥም ዘፈን በአንድ ላይ ያጓራል፣ ከሥሩ ቀበቶው ይሠራል። ሲያልቅ ሁሉም ይቀንሳል። በነጋታው እየሩሳሌም ከንፈሯ አብጦ ቧንቧው ጋ ስትመጣ "ምነው?" ይሏታል፤ "በሩ መታኝ" ትላለች፤ "አይዞሽ" ይሏታል። በዚህ አገር በር ስንት ሴት እንደመታ ቢቆጠር።

ፋብሪካው ወደ ግል ሲዞር የሠራተኛው ክበብ ዕቃ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ተጣለ። አጥናፉ ከክምሩ ውስጥ አሮጌውን አምፕሊፋየርና አራት ባለ እንጨት ሳጥን ስፒከሮች ጎትቶ አወጣ። ያውቃቸዋል። በደርግ ጊዜ ከክበቡ ጣሪያ ሥር ተሰቅለው፣ እርምጃ የተወሰደባቸውን ሰዎች ስም ያነበቡት እነዚህ ናቸው። አንድ ቀን አጠገቡ ቆሞ ክር ይቀጥል የነበረው ልጅ ስም ተጠራ። አጥናፉ አጨበጨበ። ሁሉም አጨበጨበ። መንግሥት ተለውጦ በዚያው ስፒከር ስለ ዲሞክራሲ ሲነገርም እጃቸው አልደከመም።

ስለ ኤሌክትሪክ የሚያውቀው አምፖል መቀየር ብቻ ነው። ሐሳቡ ግን አልለቀው አለ፦ አንድ ካሴት፣ አንድ ዘፈን፣ በየክፍሉ አንድ ሳጥን። ሽቦ በጥርሱ እየላጠ፣ ግድግዳ በምስማር እየበሳ፣ እየነዘረው ከወንበር እየወደቀ ሰነበተ። ሴት ልጆቹ ሳቁበት። የሚሞት ከሆነ ነግሮን ይሙት፣ የኪራይ ቤት መፈለጊያ ጊዜ እንድናገኝ፣ ተባባሉ። ኡሙልኸይር ግን ከልቧ ደስ አላት።

"እሰይ ጋሼ" አለችው። "አንድ ላይ ሲጮህ ደህና አድርጎ ይሸፍናል።"

ክፋት ኖሯት አይደለም። የሚያበሽቀውም ይኸው ነው፤ ክፋት የላትም።

የመጨረሻውን ሳጥን እየሩሳሌም ቤት የሰቀለው እሑድ ከቀትር በኋላ ነው። ካሳሁን መንገድ ላይ ነበር። ወንበሩ ስላጠረው አልጋው ላይ ከነጫማው ወጣ፤ እሷ እግሩን ደግፋ ያዘችለት። አንዷ ጣቷ ተሰብራ ጠምማ እንደዳነች አየ። ስለ ጣቷ አልጠየቃትም። እሷም ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦

"ከፍ ያድርጉት ጋሼ። እጁ እንዳይደርስበት።"

ወደ ቤቱ ተመልሶ ሽቦዎቹን ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ያስር ጀመር። ለስፒከር የተሠሩ ሦስት ማሰሪያዎች በተርታ አገኘ፤ ለአራተኛው ቦታ ጠፋ። ፈልጎ ፈልጎ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ተመሳሳይ ብሎን አየና እዚያ አጠበቀው። ከጎኑ በባዕድ ፊደል የተጻፈ ነገር ነበር፤ ለእሱ የጉንዳን መንገድ ነው። ያ ቦታ የማይክራፎኑ ነበር። ስፒከር እዚያ ከታሰረ ድምፅ ማውጣቱን ትቶ ድምፅ እንደሚቀበል፣ ያለበትን ክፍል ወሬ ወስዶ በሌሎቹ እንደሚያስጮህ ማንም አልነገረውም።

ካሴት ከተተ። ዘፈኑ እሱ ቤት ጮኸ፣ ሱቁ ውስጥ ጮኸ፣ ሴት ልጆቹ ጋ ጮኸ። እልል አሉለት። እየሩሳሌም በሯ ላይ ወጥታ እኔ ጋ የለም ብላ እጇን አወዛወዘች። በዚያው ቅጽበት ካሳሁን በግቢው በር ገባ፤ መኪናውን ቃሊቲ አቁሞ መምጣቱ ነው። ጎረቤቱን ሰላም ሳይል ሚስቱን አልፎ ቤቱ ገባ፤ እሷም ተከትላው ገባች። አጥናፉ ከፊቱ ያለውን አራተኛ ቁልፍ፣ የዚያ ክፍል ድምፅ መጨመሪያ መስሎት ዞር አደረገው።

በርጩማ ወደቀ።

በግድግዳው በኩል ሲወድቅ የለመዱት በርጩማ በየቤታቸው፣ ከራሳቸው ጣሪያ ሥር ወደቀ። ዘፈኑ መሃል የካሳሁን ድምፅ መጣ፣ ረጋ ያለ።

"አልጋዬ ላይ ያለው የማን ጫማ ነው?"

አልጋ ልብሱ ላይ የአጥናፉ ጭቃማ ጫማ ተረከዙ ሳይቀር ታትሟል። ሳጥን ሊሰቅሉ ነው አለች፣ ጋሼ አጥናፉ ናቸው አለች። ቀጥሎ የመጣው ቃል አልነበረም። ብረት ሥጋ ላይ ሲያርፍ የሚሰጠውን ድምፅ፣ ጎማ መፍቻ አጥንት ሲያገኝ፣ ትንፋሽ ከደረት ተገፍቶ ሲወጣ በዚህ ቅርበት የሰማ አይረሳውም።

አጥናፉ የለመደውን አደረገ። ሊሸፍናት ፈለገ። አራተኛው ክፍል ዘፈን ቢደርሰው ይዋጣል ብሎ ቁልፉን ጨመረ። በጨመረ ቁጥር ዘፈኑ ሳይሆን እሷ በረታች። ደንግጦ ይበልጥ ጨመረ፤ እሷም ይበልጥ። ጭንቅላቷ ከግድግዳ ሲጋጭ ሱቁ ውስጥ የተደረደረው ጣሳ ተንቀጠቀጠ።

ሴት ልጆቹ ጆሯቸውን ይዘው ወደ ግቢው ወጡ። ያጥፉት፣ ስለ እመቤታችን ያጥፉት አሉት። ኡሙልኸይር ደጃፉ ላይ ቆማ ልጅቷን ገበያ አወጧት፣ ገመናዋን መንገደኛ ሰማባት እያለች ለመነችው። ልብ አድርጉ። ማንም "ተዋት" አላለም። ሁሉም "ያጥፉት" ነው ያለው። ሲመታ የከረመው እጅ አላስቆጣቸውም፣ የሳጥኑ ጩኸት ነው ያስቆጣቸው።

የአጥናፉ እጅ ሶኬቱ ላይ ነበር። ሊነቅለው ነበር፤ የማይገባውን ምስጋና አንስጠው። ከሳጥኑ፣ በዚያ በደነቆረው ጆሮው በኩል ሳይቀር፣ "ዓይኔን፣ ዓይኔን ተው" የሚል መጣ። የእየሩሳሌም ነው፣ ግን የልጅ ድምፅ ይመስላል። ክር ይቀጥል የነበረው ልጅ በወሰዱት ቀን ምን እንዳለ አጥናፉ አያውቅም፤ ያኔ ሳጥኑ የሚያነበው ስም ብቻ ነበር። እጁን ከሶኬቱ አነሳና ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞረው።

መሣሪያው እንደ ባቡር ፉጨት ጮኸ። መንገደኛው ቆመ፣ ጋሪው ቆመ። ካሳሁን የገዛ ትንፋሹን ከሰፈሩ ሁሉ ሲመለስለት ሰማ። ወደ ሳጥኑ ተወረወረ፣ እጁ አልደረሰም። ብረቱን እንደያዘ ወጥቶ አጥናፉ ቤት ገባና መጀመሪያ መንጋጋውን፣ ቀጥሎ አምፕሊፋየሩን መታ። ሽማግሌው ጥርሱን ከደም ጋር ተፋና መሣሪያው ላይ ተደፋበት። ብረቱ ጀርባው ላይ ይወርድ ጀመር። ያስቆመው ኡሙልኸይር ናት። ስኳር የምትመዝንበትን የኪሎ ብረት በሁለት እጇ ይዛ መጥታ የካሳሁን ጆሮ ግንድ ላይ አሳረፈችው። ከዚያ ልትሸጠው ያነሳችው እንቁላል የተሰበረባት ይመስል "ወላሂ፣ ሳላስበው" አለች። ሴት ልጆቹ እየሩሳሌምን በብርድ ልብስ ተሸክመው አወጧት። ግራ ዓይኗ ፈሶ ነበር።

የፖሊስ ጣቢያው ተረኛ፣ የካሳሁን ጭንቅላት የተጠቀለለበትን ፋሻ እያየ፣ እናንተም መታችኋል አላቸው። የቤት ጉዳይ ነው፣ በሽማግሌ ጨርሱ ብሎ ካሳሁንን ለቀቀው። ሴት ዓይኗን ስታጣ የቤት ጉዳይ ነው፤ ስልክ እንጨት ላይ ወረቀት የለጠፈ ልጅ ግን በዚያው ሰሞን በካቴና ተጎትቷል።

ሽማግሌዎቹ በሌላ እሑድ መጡ። ዋናው የዕድሩ ሰብሳቢ በዛብህ ነው፤ እሱም የሽመና ክፍል ሰው ነበር፣ በክበቡ ከአጥናፉ ጎን ቆሞ ያጨበጨበ። የተሰበሰቡት አጥናፉ ቤት ነው። የአጥናፉ መንጋጋ በሻሽ ታስሯል፤ የሚጠጣው በቱቦ፣ የሚናገረው በእጁ። በአምፕሊፋየሩ ላይ አቡጀዲ ተጥሏል፤ ፊቱ ስለተሰባበረ ሁሉም ሞቷል ብሏል፣ ካሳሁንም ጭምር። አጥናፉ ግን ሥራ ፈት ሆኖ ሲነካካው ሰንብቷል። የተሰባበረው ልብሱ ነው እንጂ ሆዱ ደህና ነው። ይህን የምታውቅ እየሩሳሌም ብቻ ናት።

ካሳሁን ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ በጉልበቱ ገባና ሁለተኛ እጄን አላነሳባትም ብሎ ማለ። በዛብህ መጀመሪያ የገሠጸው አጥናፉን ነው፤ አንተ ሽማግሌ አይደለህም ወይ፣ የሰው አልጋ ላይ በጫማ መውጣት፣ የባልና ሚስት ምስጢር አደባባይ ማውጣት ምን ይሉታል አለው። ወደ እየሩሳሌም ዞሮ ደግሞ ሰይጣን ነው ያሳሳተው፣ ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ አይመለስም፣ ግቢ ወደ ቤትሽ አላት። ካሳሁን አንገቱን እንደደፋ፣ አባቶቼ፣ ቤታችን ገብተን ብቻችንን አንድ ሁለት ቃል ላናግራት ብሎ ለመነ። ባሏ አይደል ወይ አሉ፤ ፈቀዱለት።

እየሩሳሌም ተነሳች። በአጥናፉ በኩል ስታልፍ ጎንበስ ብላ ፋሻ ባልተጠቀለለው ዓይኗ አየችው።

"አራተኛውን" አለች።

በሯ ሲዘጋ አጥናፉ አቡጀዲውን ገለጠና፣ ካሳሁን እንዳይሰማው ቁልፉን በጥቂቱ አዞረ።

መጀመሪያ የካሳሁን ትንፋሽ መጣ። ከዚያ ረጋ ያለው ድምፅ። እየሳቅሽ ትወጫለሽ አላት። ታርቀናል ትያለሽ፣ ጉልበታቸውን ትስሚያለሽ።

"አንዱን ዓይን የተውኩልሽ እንድታይኝ ነው። እነዚህ የጃጁ ሽማግሌዎች ይሂዱ እንጂ፣ የዛሬዋን ድንጋይ ግንባርሽ ላይ ነው የማወርዳት። አዋሽ ማዶ እጥልሻለሁ፣ ጅብ እንኳን አያገኝሽም።"

"የማልክላቸውስ?" አለችው።

"ለሽማግሌ ያልተማለ ለማን ይማላል" ብሎ ሳቀ። ሳቁ በየክፍሉ ዝግ ብሎ ሳቀ።

የበዛብህ እጅ ከልማዱ ወደ ሶኬቱ ሄደ። አጥናፉ የእጅ አንጓውን ጨምድዶ ያዘው። መናገር አልቻለም፤ በታሰረ መንጋጋው ውስጥ እንደ ውሻ አጉረመረመ። ተያዩ። በዛብህ እጁን ወደ ራሱ መለሰና መዳፎቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ የሌላ ሰው ይመስል አያቸው።

በሩ ሲከፈት አጥናፉ ቁልፉን ጨመረ። ካሳሁን ሚስቱን እጇን ይዞ፣ ፊቱን አብርቶ በራሱ ደጃፍ ላይ ቆመና "ታርቀናል፣ አባቶቼ" አለ። ከኋላው ያለው ሳጥን ድምፁን ወሰደው፤ "ታርቀናል" የሚለው ከሱቁ፣ ከሴት ልጆቹ ክፍል፣ ከሽማግሌዎቹ ራስ በላይ ወጣ። እጇን ለቀቀ። ሊመርቀው የተነሳ ሽማግሌ አልነበረም።

"እየሩሳሌም" አለ በዛብህ፣ "ወደዚህ ነይ ልጄ።" ካሳሁን ጥሎት የሄደውን ድንጋይ ከመሬት አንስቶ ወጣና፣ እሷ እስክታልፍ በእሷና በባሏ መሃል ይዞት ቆመ። ጣቢያ ሄዶ የሰማውን የተናገረውም እሱ ነው፤ በዕድር ማኅተም ስም የሚናገር ሰው ደግሞ የቤት ጉዳይ ነው አይባልም። ካሳሁን ያደረው ቂሊንጦ እስር ቤት ነው።

ክፍሉን እየሩሳሌም ራሷ ይዛዋለች፤ ከሴት ልጆቹ ጋር ዘይት ፋብሪካ ገብታለች። ሽቦው ከተሳሳተው ቦታው አልተነካም። እሑድ ከቀትር በኋላ አጥናፉ መሣሪያውን ሲከፍት አራተኛውንም ይከፍተዋል፤ የጠየቀችው እሷው ናት። መጥረጊያዋ ይሰማል፣ ዕቃ ስታነሳ፣ አልጋዋ ሲንቋቋ። ከዚያ ከጣሪያው ሥር የሷ ድምፅ ይመጣል።

"ጋሼ፣ አሁን ይዝጉት። ልተኛ ነው።"

ይዘጋዋል።