ከሮቶው የጠፋው ውሃ

አቶ የጌታሁን በደወሌ ጉምሩክ ሃያ ሁለት ዓመት ዕቃ ሲፈትሹ የኖሩ ሰው ናቸው። ከሽንኩርት ጆንያ ውስጥ ሬዲዮ፣ ከፍራሽ ውስጥ ሲጋራ መዝዘው አውጥተዋል። በ2003 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ፣ ባለቤታቸው ወለተሐና ተወልዳ ወዳደገችባት ጅጅጋ መጥተው ሁለት ክፍል ቤት ተከራዩ። በዚያው ግቢ የልብስ ነጋዴዋ ሻሚስ ከሦስት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ሁለቱም ቤቶች የየራሳቸው መታጠቢያ ቤት አላቸው፤ ውሃው የሚወርድላቸው ግን ጣራ ላይ ካለው ከአንድ ሮቶ ነው።

ቧንቧ በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል፤ ያን ቀን ሮቶው ጢም ይላል። ሌላ ጊዜ እስከ ሳምንቱ የሚያደርሰው ውሃ በዚያ በጋ በሦስተኛው ቀን ሙጥጥ እያለ አስቸገረ።

«እኛ ሁለት፣ እነሱ አራት» አሉ አቶ የጌታሁን። «በዚያ ላይ በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ይታጠባሉ።»

«እባክህ በሰው አትፍረድ» አለች ወለተሐና።

የፈታሽ ልብ መች ያስችላል! በማግስቱ ሻሚስን ግቢው ውስጥ አገኟት።

«ሻሚስ፣ እንዳትቀየሚኝ። ለውዱእ የምትጠቀሙትን ውሃ ቀነስ ብታደርጉት ምን ይመስልሻል?»

ሻሚስ ወደ ቤቷ ገባችና ግማሽ ድረስ የተሞላ የፕላስቲክ ኩስኩስት ይዛ ወጣች።

«አደር» አለች፤ በሶማሊኛ አጎቴ ማለቷ ነው። «ቁጭ ይበሉና ይዩ።»

ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ እጇን፣ አፏን፣ አፍንጫዋን፣ ፊቷን፣ ክንዷን ታጠበች፤ ራሷን በእርጥብ እጇ አበሰች፤ እግሯን አለቀለቀች። ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ ነበር የሚወርደው። ስትጨርስ ኩስኩስቱን ጆሯቸው ሥር ነቀነቀችው፤ ገና ውሃ ነበረው።

«አያቴ እዚያ ጉናጋዶ አገር፣ የዝናብ ውሃ ከሚጠራቀምበት ብርካ በግመል እያስጫነች ነው ያሳደገችን። ወንዝ ዳር ብንሆን እንኳ ውሃ አታባክኑ ተብለናል፣ አደር።»

አቶ የጌታሁን ከሰዓት በኋላ የራሳቸውን ቤት መፈተሽ ጀመሩ። ቧንቧው አይንጠባጠብም፤ ሻወሩም ደረቅ ነው። የቀረው የሽንት ቤቱ ውሃ ማጠራቀሚያ ነበር። ከመሥሪያ ቤት የተረፈቻቸውን የማህተም ቀለም አምጥተው፣ ክዳኑን አንሥተው ጠብ ጠብ አደረጉበት። ማንም ውሃ እንዳይለቅ ብለው ጄሪካን ገልብጠው በሩ ላይ ተቀመጡ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መቀመጫው ውስጥ ሐምራዊ ክር እየተጥመለመለ ወረደ።

«ወለተሐና! ነይ፣ ያዝነው!»

«ማንን?»

«ራሳችንን!»

ከማጠራቀሚያው ሥር ያለው ጎማ አልቆ፣ ውሃው ድምፅ ሳያሰማ ቀንም ሌሊትም ይሄድ ኖሯል።

አቶ የጌታሁን ቀጥ ብለው ሻሚስ በር ላይ ቆሙ። «ሌባው የተገኘው እኔ ቤት ነው። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ሻሚስ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ይቅር ብያለሁ። ግን የእኔም ቤት ይፈተሽ!» አለች። ተፈተሸ፤ አንዲት ጠብታ እንኳ አላፈሰሰም። አቶ የጌታሁን ትንሽ ቀኑ።

ጎማውን ገዝተው በገዛ እጃቸው ቀየሩት። በዚያ አልበቃቸውም፤ አሸዋ የሞላበት የሃይላንድ ጠርሙስ ማጠራቀሚያው ውስጥ አጋደሙ፤ ሲለቀቅ የሚሄደው ውሃ ቀነሰ። ሻወሩ ሥር ሳፋ ገባ፤ ገላ የታጠቡበት ውሃ ለሽንት ቤት ሆነ። ወለተሐና «በሳፋው ምክንያት መግቢያ አጣሁ» እያለች ብታጉረመርምም፣ ሳፋውን ተሸክማ የምትደፋው እሷው ነበረች።

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ሴቶቹ እየጠሩ «አደር፣ ቀለምዎን ይዘው ይምጡ» ይሏቸው ጀመር። እሳቸውም ሸሚዝ ለውጠው ይሄዳሉ፤ በየቤቱ በሻይና በሳምቡሳ ይስተናገዳሉ። ደወሌ ሳሉ ሰዎች ሲያዩዋቸው ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፤ እዚህ ግን በር ከፍተው ይጠብቋቸዋል። ይህ ደስ ይላቸው ነበር።

ከወር በኋላ ቧንቧው ሲመጣ ሮቶው ገና ሩቡ ውሃ ነበረው። ሻሚስ ከዒድ ወዲህ ለማጠብ ስትመኘው የከረመችውን ትልቅ ምንጣፍ ግቢው ላይ ዘረጋች። ወለተሐና ጫማዋን አውልቃ ገባችበት፤ ሁለቱ ሴቶች እየተሳሳቁ ይረግጡት ጀመር፤ አቶ የጌታሁን ሱሪያቸውን ጠቅልለው ውሃውን በጆግ እየለኩ ያቀብሏቸው ነበር።