የአዲሱ ሰላይ ግራ ትከሻ

ኖርማን ቲሎትሰን ለንደን ውስጥ በአንድ ልብስ ስፌት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የዝነኛውን የፊልም ሰላይ ኮት ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው፤ ከሰላዩ ፊልሞች ግን አንዱንም እስከ መጨረሻው አይቶ አያውቅም። ገና ሰላዩ ከመኪናው ሲወርድ የኮቱ ጀርባ ያስጨንቀዋል። አንዲት ሽብሽብ ካየባትማ የዚያን ቀን እህል አይወርድለትም። ሚስቱ ሞሪን «ሰውዬው በጥይት ተመትቶ ሲወድቅ አንተ የምታየው የኮቱን ቁልፍ ነው» እያለች ትስቅበታለች።

በዚያ ዓመት ሁለት ነገር አንድ ላይ ሆነ። ዋናው ጨርቅ ቆራጭ ጡረታ ወጣና በመስኮቱ ሥር ያለው ትልቁ ጠረጴዛ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ለኖርማን ደረሰው። በዚያው ሰሞን ደግሞ አራት ፊልም የሠራው ተዋናይ «በቃኝ፣ ሌላ ሰላይ ፈልጉ» አለ። ይህ ሲሆን የለንደን ሰው ሥራውን ይረሳል። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ሰው አንገት ላይ አስቀምጦ «ማን የሚሆን ይመስልሃል?» ይላል። የውርርድ ቤቶች የተዋናዮቹን ስም መስኮታቸው ላይ ይለጥፋሉ። የንጉሥ ዘውድ እንኳ እንዲህ አያከራክርም።

አንድ ማክሰኞ፣ ሠራተኛው ሁሉ ምሳ በወጣበት ሰዓት፣ መዝገቡ ላይ «ሚስተር ብራውን» የተባለ ሰው በጓሮ ደረጃ ወደ ስፌት ክፍሉ ወጣ። ኮፍያውን ሲያወልቅ ኖርማን ወዲያው ለየው። ተዋናዩ ካለም ድራይስዴል ነበር፤ ሌይተን በሚባለው የለንደን ሰፈር፣ ከኖርማን ቤት ሦስት መንገድ አልፎ ያደገ፣ የአውቶቡስ ሹፌር የነበረው የሬይ ልጅ። ኖርማን ለካው። የልጁ ግራ ትከሻ በአንድ ጣት ዝቅ ይላል።

«በልጅነቴ ከግንብ ወድቄ ነው» አለ ካለም አፍሮ። «ሁልጊዜ ከውስጥ በጥጥ ስለሚሞሉልኝ ሰው አያየውም።»

እሱ እንደ ወጣ የስፌት ቤቱ ባለቤት ሚስተር ዊንስታንሊ በሩን ዘግቶ ኖርማንን ወረቀት አስፈረመው። «ሚስተር ቲሎትሰን፣ የአዲሱ ሰላይ ስም ከዚህ ክፍል ከወጣ ሥራው ይሄዳል። እርስዎም አብረው ይሄዳሉ» አለ ድምፁን ሳያነሳ። ዝም ብሎ ማስፈራራት አልነበረም። ከዓመታት በፊት አንድ ልብስ ተኳሽ የሰላዩን ኮት ቀለም ለሚስቱ ብቻ ተናግሮ፣ በሳምንቱ ዕቃውን በካርቶን ይዞ መንገድ ላይ ቆሞ ታይቷል። ስለዚህ ኖርማን ለሞሪን እንኳ ትንፍሽ አላለም። ዕድሜ ልኩን የጠበቀው ሥራ እጁ ገብቶ፣ ደስታው ራሱ ያስፈራው ጀመር።

ቅዳሜ ቀትር ላይ እንደ ልማዱ ከቴሪ ጋር ሰፈሩ መጠጥ ቤት ተቀመጠ። ቴሪ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ከኖርማን ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አልተለያዩም። ወሬው ያው ነው።

«ያ የዌልሱ ልጅ ነው የሚሆነው። ቁመቱን አታዩም?» አለ ቴሪ።

«ቁመት!» አለች የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ጅን። «የሚፈልጉት ሰላይ ነው እንጂ አምፖል ቀያሪ ነው እንዴ?»

«የእኛው ካለምስ?» አለ ቴሪ።

«የሬይ ልጅ? ተው እንጂ! አባትየው ከውርርድ ቤቱ ደጅ መቼ ይጠፋል? ልጁ ሰላይ ቢሆን ሬይ በማግስቱ ለፈረሶቹ ሁሉ ይነግራቸዋል።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጅን እየሳቀች በርሜል ልትቀይር ወደ ምድር ቤት ወረደች።

«አንተ ምን ትላለህ ኖርማን? አልባሹ አንተ ነህ» አለ ቴሪ።

«እኔ የማውቀው ጨርቅ ነው» አለ ኖርማን። ሁልጊዜም መልሱ ይህ ነበር፤ ሁልጊዜም ያድነው ነበር።

ያን ጊዜ ከባንኮኒው በላይ ባለው ቴሌቪዥን ካለም ብቅ አለ፤ ሶፋ ላይ ተደግፎ ቃለ መጠይቅ ይሰጣል። የለበሰውን ግራጫ ኮት ሌላ ሰው ነው የሰፋው። ኮሌታው ከአንገቱ ተነስቶ ገደል ሆኗል። ኖርማን ሁለተኛ ቢራው ላይ ነበር፣ አላስቻለውም።

«ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው ይህን የሰፋው! ግራ ትከሻው በአንድ ጣት ዝቅ እንደሚል እያየ ጥጡን በቀኝ ይሞላል?»

ቴሪ ቀና ብሎ ቴሌቪዥኑን አየ። ሶፋ ላይ ከተደገፈ ሰው ምንም የሚታይ ነገር የለም። ከዚያ ኖርማንን አየ። ይህን የሚያውቅ ትከሻውን የለካው ሰው ብቻ ነው። «መጣሁ» አለና ኮቱን አንስቶ ወጣ። ቴሪ ቢራውን ሳይጨርስ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ኖርማን ምን እንደተናገረ የገባው በግማሽ የቀረውን ብርጭቆ ሲያይ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በካለም ላይ አንድ ፓውንድ የጣለ ቢቀናው ሃያ አምስት ያገኝ ነበር። ብዙ ሰው ስለጣለበት ሰኞ ሁለት ብቻ ሆነ። ማክሰኞ የውርርድ ቤቶቹ ስሙን ከመስኮት አነሱ፤ ጋዜጣውም ውርርዱ በሙሉ የመጣው ከሌይተን፣ ከአንድ ሰፈር እንደሆነ ጻፈ። ኖርማን ባቡር ውስጥ ጋዜጣ የያዘ ሰው ባየ ቁጥር ፊቱን ወደ መስኮት ያዞራል። ቴሪ ጋ ደወለ።

«ምንድነው ያደረግኸው?»

«እኔ? ለአማቼ ብቻ ነው የነገርኩት። ስምህን አላነሳሁም፣ ሙት! አፌ ቁልፍ ነው» አለና ሳቀ። ያ ሳቅ ከጋዜጣው ይልቅ ኖርማንን አስፈራው።

ረቡዕ ከፊልም ድርጅቱ አንዲት ሴት መጣች። ረጋ ያለች፣ ትሑት ሴት ናት። ሠራተኛውን አንድ በአንድ በር ዘግታ ጠየቀች።

«ሌይተን ነው የሚኖሩት?» አለችው ኖርማንን።

«አዎ።»

«የካለምን አባት ያውቋቸዋል?»

«በሩቁ አውቃቸዋለሁ። ፈረስ ይወራረዳሉ ሲባል እሰማለሁ።»

ለምን ይህን እንደጨመረ እሱም አያውቅም። ሴትዮዋ ጻፈችና ደብተሯን ዘጋች። «እናመሰግናለን፣ ጨርሰናል።» ከዚያ በኋላ በደረጃው ላይ ኮቴ በሰማ ቁጥር «መጡልኝ» እያለ ዘጠኝ ቀን ጠበቀ። ማንም አልመጣም።

በአሥረኛው ቀን ካለም ኮቱን ሊሞክር መጣ። ድርጅቱ ሐሳቡን አልቀየረም፤ ሰላዩ እሱው ነው። ገና በሻካራ ክር የተያያዘውን ኮት ለብሶ መስታወቱ ፊት ቆመ። ኖርማን አራት ስፒል በከንፈሩ ይዞ ከኋላው ይሠራል።

«ስሜን አሾልኮ ያወጣው ማን እንደሆነ ነገሩዎት?» አለ ልጁ።

ኖርማን አልነገሩኝም በሚል ራሱን ወዘወዘ።

«አባቴ ነው። ከቤተሰብ የነገርኩት ለእሱ ብቻ ነበር። በሟች እናቴ ስም ማለልኝ፣ አልተናገርኩም ብሎ። በሰባ አራት ዓመቱ ስልክ ላይ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ ደግሞ ሁለተኛ እንዳትደውልልኝ አልኩት። በየቀኑ ደብዳቤ በቤቴ በር ሥር ያስገባል፤ ሳልከፍት እጥለዋለሁ። ሚስተር ቲሎትሰን፣ እርስዎ የሰፈሩ ሰው ነዎት። ተሳስቼ ይሆን እንዴ?»

በመስታወቱ ውስጥ ዐይን ለዐይን ተያዩ። ኖርማን ስፒሎቹን ከአፉ አንድ በአንድ አወጣ። የሚናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፣ እሱም ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ከታች የዊንስታንሊ ድምፅ ይሰማል።

«እኔ አባትዎን በቅርብ አላውቃቸውም» አለ። «ቁማር የያዘው ሰው ግን፣ መቼም፣ ያው ነው።»

ልጁ በእሺታ፣ በቀስታ ራሱን ነቀነቀ። ኖርማንም ጎንበስ ብሎ የእጅጌውን ልክ በጠመኔ አሰመረ። መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር።