አባቴ ያወጣው ቀይ ድንጋይ

መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ አጠገብ ባለው ሱቃችን በር ላይ አባቴ ዛሬም ወንበሩን አውጥቶ ይቀመጣል። ከጀርባው የምንሸጠው ቀይ እብነ በረድ ተደርድሯል። ጆሮው የደነቆረው ይህንኑ ድንጋይ ሲያወጣ ነው። በወጣትነቱ ወለጋ፣ የድንጋይ ካባ ውስጥ ሲሠራ ተራራውን በድማሚት ያፈርሱት ነበር። የሞኝ ሥራ! ድማሚት እብነ በረድን ውስጥ ውስጡን ይሰነጥቀዋል፤ ግማሹ ጠጠር ሆኖ ይቀራል። ቀዳዳ እየበሱ፣ ሽብልቅ እየመቱ ቀስ ብሎ መፈልቀቁን የለመዱት በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ የአባቴ ጆሮ አልቆለት ነበር።

ድንጋዩ ጥንት ባሕር ሥር የተኛ የኖራ ድንጋይ ነበር። ምድር ውጣ፣ አግላ፣ ተጭና እብነ በረድ አደረገችው። ያቀላውም ውስጡ ያለው ብረት ነው፤ ዝገት በሉት። ይህን ሁሉ ችሎ የወጣ ድንጋይ መርካቶ ሲደርስ አገሩን መካድ አለበት! የእኛ የእብነ በረድ ተራ ደንብ ነው፤ ደላላው ውሃ ረጭቶ ቀለሙን ያወጣና «የጣሊያን ነው» ይላል። ያውም አባቴ ፊት። አይሰማማ! ደሜ ይፈላ ነበር።

ባለፈው ክረምት አንድ የጅምላ ነጋዴ ለአዲሱ ቤቱ ደረጃ ሙሉውን ሊወስድ መጣ። ወንድሜ ደግሞ ይህ ካልተሸጠ ድንጋዩን አስወጥቶ ሱቁን በሴራሚክ ሊሞላው ቆርጦ ነበር። ነጋዴው ድንጋዩን በመዳፉ ዳሰሰና ወደደው።

«ጋሼ፣ የጣሊያን ዕቃ ነው፤ አይጠራጠሩ» አለ ደላላው።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ምን አለው?»

ወንድሜ ዝም በይ ብሎ አፈጠጠብኝ። አባቴ ደግሞ ካልጮኹለት አይሰማም። ጎንበስ ብዬ ጆሮው ላይ ጮህኩ፦ «የጣሊያን ነው አለው!»

ተራው በሙሉ ዞሮ አየን። ነጋዴው እጁን ከድንጋዩ ላይ አነሳ። «አይደለም እንዴ?»

«አይደለም ጋሼ። አባቴ ወለጋ ያወጣው ነው።»

«የአገር ውስጥ ነው?» አለና እንደተሰደበ ሰው ኮቱን አስተካክሎ ሄደ።

«እህቴ፣ ገበያሽን በገዛ እጅሽ ዘጋሽ» አለ ደላላው።

«ይዘጋ!» አልኩት። «ሴራሚክም እዚህ ቤት አይገባም!» ይህን ያልኩት ለወንድሜ ነው።

አባቴ ክንዴን ያዘኝ። «አንቺስ ምን አልሽው?»

ሁሉም እያዩኝ ነበር። «አንተ ያወጣኸው ነው አልኩት!»

«አልሰማሁም» አለ፣ ፈገግ ብሎ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ደገምኩለት።