በካርዷ ላይ የጻፍኩት ቃል

ሞጣ ሰባተኛ ክፍል ሳስተምር አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ እሷ ባለችበት ክፍል ማንም አያንቀላፋም። ጥያቄዋን ሳትጨርስ ሳቋ ይቀድማታል። ሰኔ ላይ በካርዷ የአስተያየት ቦታ በእንግሊዝኛ «ፔፒ» ብዬ ጻፍኩላት፤ ንቁ፣ ፍልቅልቅ ማለት ነው። «ጎበዝ» ብል ምን ነበረበት? ያኔ ግን አዲስ ቃል ካገኘሁ ዝም ማለት አልችልም ነበር።

አባቷ የቅኔ መምህር ናቸው። ካርዱን ሊወስዱ ሲመጡ፣ ቢቸና ካለ ቤተሰብ ለጋብቻ እንደተጠየቀች፣ ትማር ወይስ ትዳር የሚለውን ገና እንዳልቆረጡ ነገሩኝ። የቃሉን ትርጉም ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው ደስ አላቸው። የቅኔ ሰው ግን ትርጉም ብቻ ይዞ አይሄድም። ቃሉ ከየት እንደተነሣ ካላወቀ አያምነውም።

«የወጣውስ ከምንድን ነው?» አሉኝ።

ምን እንዳቀበጠኝ እንጃ። አላውቅም ብል ማን ይከሰኝ ነበር? ማወቄን ላሳያቸው ቸኩዬ፣ ከበርበሬ የወጣ ቃል ነው አልኳቸው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ፊታቸው ጠቆረ። ኧረ ለሙገሳ ነው፣ እንግሊዞች እንዲህ ነው የሚሉት ብዬ ብለፈልፍም አልሰሙኝም። ከሚያቃጥል የወጣ ያው ማቃጠሉ አይቀርም ብለው ካርዱን አጥፈው ወጡ። ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። መስከረም ላይ አልተመዘገበችም፤ ቢቸና መዳሯን ከጓደኞቿ ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ ሳቋ አልለቀቀኝም። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከኋላዬ ይሰማኛል፤ ስዞር ሁሉም አቀርቅሮ ይጽፋል። ከዓመታት በኋላ ዝውውር ጠይቄ ቢቸና ገባሁ። ከሳቁ ልሸሽ ይሁን እሷን ልፈልጋት፣ ዛሬም አላውቅም።

ዘንድሮ ምዝገባ ላይ አንዲት ሴት፣ ነጠላዋን እስከ አፏ ስባ፣ ልጇን አንደኛ ክፍል ልታስመዘግብ ፊቴ ቆመች። ልጅቷ ማኅተሙን ከጠረጴዛዬ ላይ አንሥታ ምን እንደሚሠራ ጠየቀችኝና መልሴን ሳትጠብቅ ሳቀች። ክው አልኩ። ያው ሳቅ ነው። እናቲቱን ያን ጊዜ አወቅኋት። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«መምህር፣ የልጄ ካርድ ላይ ምንም እንዳይጽፉባት።»

እሺ አልኳት። ልጅቷ ገና ትስቃለች። እናቷ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል የልጅቷን አፍ በመዳፏ ከደነችው።