አማቴ አያዙኝም

አጋሮ፣ በባለቤቴ እናት ቤት፣ የእኔ የሚባል ወንበር ነበረኝ። ትራስ ያለው፣ ከበሩ ራቅ ብሎ የተቀመጠ የእንግዳ ወንበር። ከተጋባን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጅማ እየሄድን እሱ ላይ ተጎልቼ እውላለሁ።

አማቴ ማዘዝ ያውቁበታል። ሁለቱን ሴት ልጆቻቸውን ከነጋ እስኪመሽ "ኮቱ! ነይ እንጂ! አንሺ! ምነው ፈዘዝሽ!" ነው። ወንዶቹን ግን ፊት ለፊት አያዙም። ጣሪያውን ቀና ብለው አይተው "ይሄ ቆርቆሮ ዘንድሮም ሊያፈስ ነው" ይላሉ፤ ባለቤቴ መሰላል ፍለጋ ይወጣል።

እኔንስ? "የኔ ልጅ፣ ካልደከመሽ ትንሽ ትቀምሺልኛለሽ?" ሳህን ላነሳ ብድግ ስል "ኧረ በአላህ! ተይው፣ አንቺ አረፍ በይ።"

መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። ደሴ እናቴ ቤት "አንቺ ልጅ!" እየተባልኩ ነው ያደግኩት። እናቴ በስልክ ስነግራት "ታድለሽ!" አለችኝ። እንግዳ የመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ኋላ ብረት ነው ይባላል። እኔ ግን ወርቅ ሆኜ ቀረሁ። ሦስቱ ሴቶች ኩሽና ውስጥ ሲሳሳቁ እሰማለሁ፤ ስገባ ሳቁ ይቆምና ወንበር ይፈለግልኛል። የዚያ ቤት ልጅ መሆን ነበር የምፈልገው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

"እናትህ አልወደዱኝም" አልኩት አንድ ቀን ባለቤቴን።

"ምን አደረጉሽ?"

"ምንም! ምንም አላደረጉኝም፣ እሱ ነው ያቃጠለኝ!"

ሳቀብኝ። ወንድ ልጅ ይሄ መቼ ይገባዋል።

ባለፈው ኅዳር ቡናው ደጅ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ነበር፣ የዓመት ልፋታቸው። ልጆቹ ሁሉ ገበያ ወጥተው ቤት የቀረነው አማቴና እኔ ብቻ ነን። ሰማዩ ድንገት ጠቆረ። የተሰጣ ቡና ከበሰበሰ ይሻግታል፣ አለቀለት። አማቴ ሻርፓቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው ወጡና ትልቁን ሸራ ብቻቸውን መጎተት ጀመሩ። እኔም ተከትዬ ሮጥኩ። ምን ዋጋ አለው፣ ትህትናው ለካ እኔም ላይ ተጋብቷል፤ አጠገባቸው ቆሜ "ልርዳዎት እማማ?" አልኩ።

ዞር አሉ። እንዲያ ሲያፈጡብኝ አይቼ አላውቅም።

"ምን ትጠይቂኛለሽ! ቀቢ! ያዢ በዚያ በኩል! ጫማሽን አውልቂ፣ ቡናውን እንዳትረግጪው! ኧረ ፍጠኚ፣ አንቺ ልጅ!"

ያዝኩ። ጎተትኩ። ነፋሱ ሸራውን ሲገለብጠው ድንጋይ እየተሸከምኩ ዳር ዳሩን ጫንኩበት። "እዚያ ጋ! ኧረ እዚያ ጋ!" ይላሉ፣ እሮጣለሁ። ዝናቡ ሲወርድ ቡናው ተሸፍኗል፤ የበሰበስነው እኛ ነን።

በረንዳው ጋ ስንደርስ አማቴ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

"ወይኔ፣ የሰው ልጅ ላይ ጮህኩ! አፉ በይኝ የኔ ልጅ።"

"አፉ አልልም" አልኩ። እንባዬ መጣ፣ ላቆመውም አልቻልኩ። "የሰው ልጅ አይበሉኝ። እንደ ሴት ልጆችዎ ይዘዙኝ።"

ጠጋ አሉኝ። ፊቴን በእርጥብ ሻርፓቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉኝ።

"ታዲያ ምን ቆመሽ ታለቃቅሻለሽ? ግቢና ልብስሽን ቀይሪ። እሳቱንም አያይዢ።"

ገባሁ። እንጨት የት እንደሚቀመጥ እንኳን አላውቅም፤ ማን አሳይቶኝ? "እንጨቱ የት ነው?" ብዬ ከውስጥ ተጣራሁ።

"ፈልጊያ!" አሉኝ። "ቤትሽ አይደለም እንዴ?"